ከሰርተፍኬቱ በኋላ፦ በባሕር ዳር አንድ የአስታማሚዎች ቡድን እንዴት መማሩን ቀጠለ

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ሲሞት እድር ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ሐይቁ ዳር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ብድግ አሉና «ለሞተው እንዲህ እንሯሯጣለን። አልጋ ላይ ሲያቃስት ለከረመው ግን ማን ደረሰለት?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ አልነበረም። ጸሐፊው ጥያቄውን በቃለ ጉባኤ ያዘው።

ይህ የጉዳይ ጥናት ከዚያ ጥያቄ ስለተወለደ፣ በጠና የታመሙትን ቤታቸው እየሄደ ስለሚጠይቅ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ነው። አመሠራረቱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የሚያስተምረን ከመጀመሪያው ስልጠና በኋላ የሆነው ነው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ የታማሚዎቹንና የቤተሰቦቻቸውን አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ።

ቡድኑ ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ልብስ ሰፊ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የቤት እመቤቶችና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አሉበት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ስልጠናውን የሰጧቸው የሆስፒታል ነርሶች ናቸው። አምስት ቀን ፈጀ። ስላይድ ታየ፣ ሻይ በዳቦ ተጠጣ፣ በመጨረሻው ቀን ሰርተፍኬት ታደለ፣ ፎቶ ተነሱ።

ስልጠናው መጥፎ አልነበረም። ፓሊየቲቭ ኬር ወይም የማስታገሻ ክብካቤ፣ ማለትም የታማሚውን ሕመምና ጭንቀት የሚያቀል ክብካቤ፣ ለሞት ለተቃረበ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ተማሩበት። ከባድ በሽታ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል። የካንሰር ታማሚ ብቻ ሳይሆን የልብ ድካም፣ የኩላሊት፣ የኤች አይ ቪ ወይም የስትሮክ ታማሚም ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስ የተባለውን የጠና ታማሚዎች መንከባከቢያ ስለመሠረቱት ስለ ሲስሊ ሳንደርስም ሰሙ። እኚህ ሴት ነርስም፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያም፣ ሐኪምም ነበሩ። ትምህርታቸው ሕመምን ከሥጋ ብቻ አታምጡት የሚል ነው። ጭንቀትም፣ የገንዘብ ችግርም፣ የቤተሰብ ጠብም፣ የእምነት ጥያቄም ያማል። ተሳታፊዎቹ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጥቂት ወራት ሳያልፉ ግን ግማሽ ያህሉ መምጣት አቆሙ።

የቀሩት ሰነፎች አይደሉም። አስተባባሪዋ ቤት ለቤት እየሄደች ጠይቃቸዋለች። መጀመሪያ ሁሉም «ሥራ በዛብኝ» አሉ። ቡና ተፈልቶ ቶናው ሲደርስ ሌላ ነገር ይወጣ ጀመር። አንዱ ሲጠይቃቸው የነበሩት አባት ሞቱ። ሐዘኑ ገባው፤ ግን ዘመድ አይደለምና «እግዜር ያጽናህ» የሚለው አላገኘም። ሌላዋን ታማሚው «እሞታለሁ ወይ?» አላት። የምትመልሰው አጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ደጃፍ አልረገጠችም። ሦስተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የአልጋ ቁስል ሲያይ ደነገጠ። ፎቶውን ስላይድ ላይ አይቶታል። ሽታው ግን ስላይድ ላይ አልነበረም።

የአበልም ነገር አለ። ሸፋፍኖ ማለፍ አያስፈልግም። በእኛ አገር ስልጠና ሲባል አበል አብሮ ይታሰባል። አንዳንዱ ሁለተኛ ዙር ስልጠና ከአበል ጋር ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ነበር። ሳይመጣ ሲቀር ቡድኑ የፈረሰ መሰለው። ይህን ስስት ነው ብዬ አላልፈውም። የቀን ገቢውን ትቶ የሚመጣ ሰው ቢያንስ የባጃጅ ሒሳብ ሊያወጣ አይገባም።

ነገሩን የለወጠው የአንዲት እናት ሕመም ነው። ኑሯቸው ዘጌ ነበር፤ ቡና አላቸው። የጡት ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ቁስሉ አፍ አውጥቶ፣ በሽታውም አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጀርባው ለሚቆረጥም ሰው ግን አንድ ሰዓት ብዙ ነው። ስለዚህ ልጃቸው ከተማ ውስጥ ወደተከራየችው ሁለት ክፍል ቤት አመጣቻቸው። ጨረር ሲባል ቤተሰቡ የሚያስበው አዲስ አበባን ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ይህ አይገርምም። እናትየው ግን «እኔን መንገድ ላይ አትግደሉኝ» ብለው ጉዞውን እንቢ አሉ። ሆስፒታሉ ለከባድ ሕመም የሚሰጠውን የሞርፊን ሽሮፕና የሆድ ማለስለሻ ሰጥቶ ወደ ቤት ሸኛቸው።

እንድትጠይቃቸው የተመደበችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ቤቱን በደንብ ስታየው ነገሩ ሁሉ ተወሳስቦ አገኘችው። የሞርፊኑ ጠርሙስ ሳይከፈት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። የከለከለው ወንድ ልጃቸው ነው። «ሞርፊን ከተጀመረ አበቃ ማለት ነው፤ ሱስም ያስይዛል» ይላል። ለእናትየው የበሽታው ስም አልተነገራቸውም። «ቁስል ነው፣ ይድናል» ተብለዋል። የቁስሉን ሽታ ለመሸፈን ዕጣን ቀኑን ሙሉ ይጨሳል፤ ጭሱ ደግሞ ያስላቸዋል። ጎረቤት መምጣት ቀንሷል። ሴት ልጃቸው «ካልበላሽ እንዴት ትድኛለሽ» እያለች በግድ ታጎርሳቸዋለች። ቤተሰቡ ጸበል ሊወስዳቸውም እየተሰናዳ ነው። መድኃኒት ይዞ ጸበል መግባት ይቻል ይሆን? ይህንንም የሚያውቅ የለም።

ልብስ ሰፊዋ ማታ የስልጠናውን ጽሑፍ ገለጠች። «ስለ ሞርፊን ለቤተሰብ አስረዱ» ይላል። ቆሞ ለሚቆጣ ወንድ ልጅ እንዴት ተብሎ እንደሚነገር ግን አይልም። ከአሠልጣኞቹ ለአንዷ፣ ለሲስተር፣ ደወለች። መልሱ አጭር ነበር። «የመድኃኒቱን ነገር ነገ እኔ ከልጁ ጋር እነጋገራለሁ። የቀረውን እሑድ ይዘሽው ነይ። የቀሩትንም ሰዎች ጥሪያቸው።»

ያ እሑድ ለቡድኑ ቀጣይነት ያለው ስልጠና የተጀመረበት ቀን ሆነ፤ ማንም በዚያ ስም ባይጠራውም። የተሰበሰቡት የእድሩ ዕቃ ቤት አጠገብ ባለው ክፍል ነው። ፕሮጀክተር የለም። ሲስተር ስለ ሞርፊን ከመናገሯ በፊት የባጃጅ ሹፌሩን «አንተ ወንድ ልጃቸውን ሁን» አለችው። እሱም በልቡ እንደዚያው ያምን ስለነበር አሳምሮ ተጫወተው።

መጀመሪያ የሞከሩት መምህሩ ናቸው። ስለ መድኃኒቱ ጥቅም በቅደም ተከተል አስረዱ። ሹፌሩ «እሺ ጋሼ፣ ገብቶኛል» ብሎ ዘጋቸው። የገባው ነገር እንደሌለ ሁሉም አይቷል። ቀጥላ አንዲት የቤት እመቤት ተነሳች። ምንም አላስረዳችም። «ወንድሜ፣ እናትህ ሌሊቱን እንዴት ነው የሚያድሩት?» አለችው። ሹፌሩ ዝም አለ። ቆይቶ «አይተኙም» አለ። «አንተስ?» ስትለው ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። የራሱን አባት የመጨረሻ ወራት ማውራት ጀመረ።

ሲስተር ትምህርቷን የሰጠችው ከዚህ በኋላ ነው። ሞርፊን ለከባድ ሕመም የሚሰጠው ሕመሙ ከባድ ስለሆነ ነው፤ ሰውየው ሊሞት ስለተቃረበ አይደለም። በሐኪም ትእዛዝ ለሕመም በትክክል ሲወሰድ ሞትን አያፋጥንም። ለካንሰር ሕመም የሚወስድ ሰው ደግሞ እንደ ሱሰኛ አይታይም። ሽሮፑ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ቀድሞ ነው መከላከል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ያበዛል፣ ያቅለሸልሻል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ብዙ ቤት ማለስለሻውን እንደ ትርፍ ነገር ይተወዋል። ከዚያ ታማሚው ሆዱ ሲደርቅበት ሞርፊኑን ያቆማል።

ቀጥሎ ድንበሩን አሰመረችላቸው። በጎ ፈቃደኛ መጠን አይቀንስም፣ አይጨምርም። የአንዱን ቤት መድኃኒት ለሌላ ቤት አያበድርም። ታማሚው ሲያርፍ የተረፈው ሞርፊን ወደ ሆስፒታል እንዲመለስ ቤተሰቡን ያሳስባል። ታማሚው ሲቀሰቀስ የማይነቃ ከሆነ፣ አተነፋፈሱ በጣም ከዘገየ፣ ድንገት ብዙ ደም ከፈሰሰው ወይም እግሩ ከከዳው ይደውላል። ለማን እንደሚደውል በአምስቱ ቀን ስልጠና በግልጽ አልተነገራቸውም ነበር። ዛሬ ስልክ ቁጥሩ በየደብተራቸው ሽፋን ላይ ተጽፏል። መንገድ የሚዘጋበትና ባጃጅ በጊዜ የሚገባበት ቀን ስላለ፣ የሚደወልላት ሰው ከሌለች ሁለተኛ ሰው ተመድባለች።

ቁስሉን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ወሰዱ፤ ደግ አደረጉ። ፋሻው ሲደርቅ ተነቅሎ አይነሳም፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ይረጥብና ቀስ ተብሎ ይነሳል። አሮጌ ንጹሕ ነጠላ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ለፋሻ ይሆናል። የሽታው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ቁስሉ ውስጥ የሚባዙ ባክቴሪያዎች ናቸው። ለዚህ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው ክኒን ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ እንዲነሰነስ ሐኪም ሊያዝ ይችላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ በየፋርማሲው አለ። ዕጣን የማያጠፋውን ሽታ እሱ ይቀንሳል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ «እስከዛሬ ለምን አልተነገረንም?» ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው።

መገላበጡን በራሳቸው ላይ ተለማመዱት። ተማሪው ፍራሽ ላይ ተኛ፤ ሁለት ሴቶች አንሶላ ይዘው አዞሩት። «ክርንሽ ወጋኝ» ሲል ሳቁ። ግን ክርን የት እንደሚያርፍ የተማሩት ያኔ ነው። ራሱን ማዞር የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ያህል ቦታ መቀየር እንዳለበት ቀድሞም ያውቁ ነበር። እጃቸው ግን አያውቀውም ነበር።

ክርክር የተነሳው ከእናትየው በተደበቀው ምሥጢር ጉዳይ ነው። መምህሩ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ወዲያው «ጋሼ፣ እሱ ለሚድነው ነው» አለቻቸው። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እዚህ ላይ ሲስተር ፍርድ አልሰጠችም። በሽታን የመንገር ሥራ የሐኪሙ ነው፤ የእናንተ አይደለም አለች። የእናንተ ሥራ ሁለት ነው፦ አለመዋሸትና አለመሸሽ። ታማሚው ሲጠይቅ «እርስዎስ ምን ሆኖብኝ ነው ብለው ያስባሉ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ ዝም ማለት። ይህንንም ሁለት ሁለት ሆነው ተለማመዱት። ከሁሉም የከበዳቸው ዝም ማለቱ ነው። አንዳቸውም «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ሳይሉ ብዙ መቆየት አልቻሉም።

በሚቀጥለው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ያንኑ ጥያቄ ለእናትየው ጠየቀች። ሽሮፑ ተጀምሮ ነበር። ልጁ «እስኪ ይሞከር» ያለው ሲስተር ስለ እናቱ ሌሊት ስትጠይቀው ነው። እናትየው መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔማ አውቄዋለሁ፤ ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው» አሉ። ልጆቹ ከእናታቸው፣ እናትየው ከልጆቻቸው ሲደባበቁ ከርመዋል። የሚያስጨንቃቸው ሞቱ እንኳን አልነበረም። የቡናው መሬት ነበር። ሳይከፋፈል ቢሞቱ ልጆቻቸው ይጣላሉ ብለው ሌሊት የሚያሰላስሉት እሱን ነው። ከዘጌ ሽማግሌዎች በጀልባ መጥተው አልጋቸው ዙሪያ ተቀምጠው ነገሩን ጨረሱላቸው። ሽሮፑ የያዘው ሕመም አለ፤ ይህን ግን ሽሮፕ አይዘውም ነበር።

ጸበሉንም የንስሐ አባታቸው ፈቱላቸው። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፣ ለታመመም ሰው ጾም ግዴታ አይሆንበትም አሏቸው። ቤተሰቡ ጸበሉን በጄሪካን ቤት ድረስ አስመጣ። በግድ ማጉረሱ ቆመ። መጨረሻው ሲቃረብ ሰውነት ምግብ አይጠይቅም፤ በግድ ሲሰጥ ትን ይላል። ልጅቷ በማጉረስ ፋንታ አፋቸውን በእርጥብ ጥጥ ማራስ፣ ከንፈራቸውን ቅባት መቀባት ተማረች። እጇ ሥራ ስላልፈታ ጭንቀቷም ቀለል አለላት። እናትየው ከሳምንታት በኋላ በልጃቸው ቤት አረፉ። አስከሬናቸው በጀልባ ዘጌ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባው ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሆነ። መልኩ ብዙም አልተቀየረም። የሚጀምረው «በዚህ ወር ምን ገጠማችሁ?» በሚል ነው፤ ትምህርቱ ከዚያ ይመዘዛል። አንድ የእጅ ሥራ ይለማመዳሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ይደግሙታል፤ ሰው ይረሳልና። አዲስ የሚገባ ሰው ከነባር ጋር እየተጣመረ ይወጣል። በስተመጨረሻ በወሩ ያረፉትን ታማሚዎች ያስባሉ፤ የጠየቃቸው ሰው ስለነሱ ያወራል፣ ሌሎቹ «ያጽናህ» ይሉታል። ታማሚው ሞቶበት ቀርቶ የነበረው ሰው የተመለሰው ይህ ሰዓት መኖሩን ሲሰማ ነው። ስለ ሙስሊም ታማሚዎች ያስተማረችው የቡድኑ አባል ናት። አቅም ያጣ ሰው ተኝቶ መስገድ እንደሚችል፣ በመጨረሻው ሰዓት ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ማዞር ለቤተሰቡ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ነገረቻቸው። አንድ የውጭ አሠልጣኝ ይህን ሊነግራቸው አይችልም።

ሲስተር የሕንዷን ኬረላ ደጋግማ ታነሳለች። እዚያ የሰፈር ሰዎች ራሳቸው ተደራጅተው ታማሚ መጠየቅ የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት ነው። የግዛቱ መንግሥት ፖሊሲ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ሰዉ ቀድሞ፣ መንግሥት ተከትሎ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 56.8 ሚሊዮን ሰው የማስታገሻ ክብካቤ እንደሚያስፈልገውና የሚያገኘው 14 በመቶ ገደማው ብቻ እንደሆነ ይገምታል። እነዚህን ቁጥሮች ስትነግራቸው መምህሩ በደብተራቸው ጻፏቸው። ሌሎቹ ብዙም አልተደነቁም። በየሰፈራቸው የሚያዩት ነው።

ያልተሳካውም ብዙ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ታማሚ በሽታ ጽዋ ማኅበር ላይ ተወራ። ወሬው ከቡድኑ መውጣቱ ታወቀ፤ ቤተሰቡ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ በስብሰባው ላይ የታማሚ ስም አይጠራም። ለእኔ ግን ይህ በቂ አይደለም። ሰፈሩ ትንሽ ነው፤ ስም ባይጠራም «ያ ዘጌ ቡና ያላቸው ሴትዮ» ከተባለ ሁሉም ያውቃቸዋል። ወንድ ታማሚ የሚያጥብ ወንድ በጎ ፈቃደኛም ሁሌ ይቸግራል። ተማሪው ተመርቆ ሄደ። ሞርፊኑ ራሱ የሚጠፋበት ወር አለ። በዚያን ጊዜ የትኛውም ስልጠና የሕመምተኛውን ጩኸት አያስታግስም። ለዚህ መልስ መስጠት ያለበት የመድኃኒት አቅርቦቱን የያዘው ክፍል ነው፤ በጎ ፈቃደኛው ላይ ሊጫን አይገባም።

አበሉን በተመለከተ እድሩ መላ አገኘ። ከወር መዋጮው ላይ ለባጃጅና ለጓንት የምትሆን ትንሽ ገንዘብ ለየ። የተቃወሙ ነበሩ፤ «የእድር ገንዘብ የቀብር ነው» አሉ። ድምፅ ተሰጠበት፤ በጠባብ ልዩነት አለፈ።

አሁን ያለው ስጋት ሌላ ነው። ሲስተር ዝውውር ጠይቃለች። ወርሃዊው እሑድ በእሷ በጎነት ላይ እንጂ በማንም የሥራ ድርሻ ላይ አልተጻፈም። ልብስ ሰፊዋና የቤት እመቤቷ ስብሰባውን እየተፈራረቁ መምራት ጀምረዋል። የመድኃኒት ጥያቄ ሲነሳ ግን ወደ ሲስተር ያያሉ። እድሩ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ጽፏል። የጠየቀው ገንዘብ ወይም አዲስ ስልጠና አይደለም። በወር ለአንድ እሑድ የምትመጣ፣ ስልክ የምታነሳ አንዲት ነርስ በሥራ መደቧ ላይ እንዲጻፍላት ነው። መልሱ ገና አልመጣም።